ገመድ ያዥ

ከኮልቾ በታች፣ ጥቅምት 14 ቀን 1979 ዓ.ም.

እልፍነሽ፣

ክረምቱን እንዴት ወጣችሁት? የአባባ ጆሮ ባሰበት ወይስ እንደ ነበረ ነው? እኔ ደህና አለሁ።

«ምን ዋጠህ?» ብለሽ የላክሽው ወረቀት ትናንት በሾፌሩ በተፈሪ መኪና ደረሰኝ። የዋጠኝ ነገር የለም። ከቀይ አፈር ከተማ ወዲህ ያለው መንገድ ጭቃ ስለነበረ መኪና አልመጣም፤ ዝም ያልኩት ለዚህ ነው።

ሥራው ምንድን ነው ላልሽው፣ የመንግሥት እርሻው ከኦሞ ውሃ የሚስበው በፓምፕ ነው። የፓምፑ አፍ ወንዙ ውስጥ ነው፤ ቆሻሻ እንዳይገባበት የብረት ወንፊት ተገጥሞለታል። ዘንድሮ ጎርፉ አንድ ትልቅ ግንድ ከነሥሩ አምጥቶ እዚያ ወንፊት ላይ ሰነቀረው። ውሃ ካልተሳበ ማሽላው እስከ የካቲት አይቆይም። እኔ ወርጄ የብረት ገመድ ግንዱ ላይ አሥራለሁ፣ ትራክተር ይጎትተዋል። ነገሩ ይኸው ነው።

ጥልቀቱ ስድስት ሜትር ቢሆን ነው። ምጽዋ ላይ ይህን ያህል ውሃ የልጆች መጫወቻ ነበር የምንለው። ልዩነቱ፣ ምጽዋ ላይ የእግርሽን ጣት ታያለሽ፤ እዚህ እጄን መነጽሬ ላይ ብለጥፈውም አይታየኝም። ሁሉም ነገር በዳሰሳ ነው። ወገቤ ላይ ገመድ አለ። ዳር ቆሞ የሚይዝልኝ ቦሼ የሚባል የበና ሰው ነው፤ ቀይ አፈር ገበያ ውስጥ ያደገ፣ አማርኛው ከእኔ የሚሻል። ለአዞ ደግሞ ጠመንጃ የያዘ ዘበኛ አለ። ስለዚህ አታስቢ።

ትንሽ ጉንፋን ይዞኛል፣ ድምፄም ተዘግቷል። ሌላ ምንም የለም።

አባባን አንድ ነገር ጠይቂልኝ። ሬጉላተሩ አየር ሲስቡበት ውሃ እየቀላቀለ የሚሰጥ ከሆነ ጉዳቱ የቱ ጋ ነው? ለማወቅ ያህል ነው።

ንብረት


ጂንካ፣ ጥቅምት 23 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለንብረት፣

እኛ ደህና ነን። የአባዬ ጆሮ ባሰበት። እኔ ስናገር ሰፈሩ ሁሉ ይሰማኛል፣ እሱ ብቻ አይሰማኝም።

ጥያቄህን አሳየሁት። «ለማወቅ ያህል» የምትለዋ ላይ ሲደርስ ሳቀ። «ለማወቅ ያህል የሚጠይቅ ውሃውን የጠጣ ነው» አለ። ምጽዋ ላይ መጥለቅ ሲያስተምርህ ጥያቄ ስታበዛ በጥፊ ነበር የሚመልስልህ፤ ጡረታ ወጥቶ ወደ ተወለደበት ጂንካ ከመጣ ወዲህ ግን ትዕግሥት ተምሯል። ተቀምጦ አንድ በአንድ ነገረኝ። እጁ ስለሚንቀጠቀጥ የምጽፈው እኔ ነኝ፤ ቃሉ የእሱ ነው።

ውሃ የምታስገባው ከአገጭህ ሥር ያለችው፣ ትንፋሽህ የሚወጣባት ስስ ጎማ ናት። ወይ ታጥፋለች፣ ወይ አሸዋ ነክሳለች። ፍታት፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ እጠባት፣ ጥላ ሥር አድርቃት። ወርደህ ሳለህ ውሃ ከመጣብህ ሬጉላተሩን ከአፍህ አታውጣ። ምላስህን ላንቃህ ላይ አድርገህ ቀስ ብለህ ሳብ፤ ውሃው ከሥር ይቀራል፣ አየሩ ያልፋል። ከዚያ የፊቱን ቁልፍ ተጭነህ አስነፋው። ሳል ከመጣብህም እዚያው ውስጥ ሳል።

ይህን ስጽፍ ጎረቤታችን አስካለ መጥታ «ሬጉላተር ምንድን ነው?» አለችኝ። ጀርባ ላይ ካለው የአየር ቦምቦላ ተቀብሎ ለአፍ መጥኖ የሚሰጥ ዕቃ ነው፣ እንደ ጡት በዪው አልኳት። «ጡትማ ከደረቀ ልጁ ያለቅሳል» አለች። ውሃ ውስጥ አይለቀስም አልኳት። ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች።

አሁን የራሴን ልጻፍ። ተፈሪ ወረቀትህን ሲሰጠኝ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ነበር። «ጉንፋኑ እንዴት ነው?» አልኩት። «ጉንፋን ነው ካለ ጉንፋን ነው፣ እኔ ሾፌር ነኝ» አለኝ። ሻይ አቅርቤ ደግሜ ብጠይቀው ፎጣው ላይ ደም አይቻለሁ አለ። እኔ ምጽዋ ያደግሁ የጠላቂ ልጅ፣ የጠላቂ ሚስት ነኝ፣ ንብረት። ጉንፋን ምን እንደሚያመጣና ምን እንደማያመጣ አውቃለሁ። የሆነውን ጻፍ። ከሾፌር አታሰማኝ።

እልፍነሽ


ከኮልቾ በታች፣ ኅዳር 4 ቀን 1979 ዓ.ም.

እልፍነሽ፣

ለተፈሪ ሁለተኛ ሻይ እንዳትሰጪው።

አስከትለሽ የላክሻት አጭር ወረቀትም ደርሳኛለች። «ዕቃው የከዳህ ስንት ጊዜ ነው?» ብለሻል። ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለቱም ጉንፋን ብዬ ከመጻፌ በፊት ነው። በመጀመሪያው ውሃ ጠጣሁ፣ አስልቼ ወጣሁ፣ አበቃ። አባባ እንዳሉት ጎማዋን ፈትቼ አጠብኳት፤ አሸዋ ነክሳ ነበር።

በሁለተኛው አየሩ ቀጥ አለ። የታሸገ ጠርሙስ እንደ መጥባት ሆነብኝ። ኋላ ስፈታው ቦምቦላው አንገት ላይ ያለችው ማጣሪያ በዝገት ተደፍና አገኘኋት። ቦምቦላዎቹ አሮጌ ናቸው፣ ውስጣቸው ዝጓል።

የጎዳኝ ግን የአየሩ መቆም አይደለም፣ አወጣጤ ነው። እየወጣሁ መሆኔን ለማሳወቅ ገመዱን ነቀነቅሁ። ቦሼ ጎተተ። ውሃ ሊቀዱ የመጡ የካሮ ሴቶች ቅላቸውን ጥለው ጎተቱ። ዘበኛው ጠመንጃውን ጥሎ ጎተተ። ትንፋሼን ይዤ ነበር፤ ልተንፍስ ሳልል ከውሃው በላይ ተገኘሁ። እንደ ዓሣ አሸዋው ላይ ጣሉኝና በደስታ ጮኹ። ደሙ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ቦሼን አልወቅሰውም። «ገመዱን ስነቀንቅ ተወኝ፣ ራሴ እወጣለሁ ማለቴ ነው» አልኩት።

«ጓድ ንብረት» አለኝ፣ «ታናሽ ወንድሜን አዞ ሲይዘው ዳር የነበሩት ሰዎች ተማከሩ። ይጎተት፣ አይጎተት አሉ። እኔ አልማከርም።»

እዚህ ወንዝ ዳር ገመድ ከተነቃነቀ ይጎተታል፤ ሌላ ሕግ የለም። ምጽዋ አዞ ስለሌለ እኛ ይህን አልተማርንም።

ለምን ትተኸው አትመጣም ላልሽው፣ የእርሻው ሥራ አስኪያጅ እንዳመመኝ ሲያይ «አንተ ካልቻልክ ቦሼ ይውረድ፣ ዋና ያውቃል» አለ። ቦሼም እሺ ብሏል። ዋና ያውቃል፤ ከዋና ሌላ የሚያውቀው የለም። እኔ ዞር ካልኩ ያን ዕቃ አፉ ውስጥ ከትተው ያወርዱታል። ስለዚህ አልመጣም።

ንብረት


ጂንካ፣ ኅዳር 13 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለንብረት፣

ጉንፋንህ እንዴት ነው?

አባዬ ወረቀትህን ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ እንዲህ ብለሽ ጻፊ አለኝ።

ደም የተፋ ሳንባ እስኪጠገን ውሃ አይነካም። ከጥምቀት በፊት ከወረድክ ተማሪዬ ነበር አልልም። እኔም ማሽላው ይደርቃል ያልከውን ነገርኩት። «ማሽላ ደግሞ ይዘራል፣ ሳንባ አይዘራም» አለ።

የሚከተለውን በቃልህ ያዘው ብሏል። ስድስት ሜትር ላይ በደረትህ የያዝከው ትንፋሽ ወደ ላይ በወጣህ ቁጥር ያብጣል። መውጫ ከከለከልከው ቀድዶ ይወጣል። ሰው የሚሞተው የቀረችውን ትንፋሽ ሲሰስት ነው። አየር ሲቆምብህ ሬጉላተሩን አፍህ ውስጥ አቆየው፤ ከፍ ስትል አንዲት ጉርሻ አየር ሊጨምርልህ ይችላል። አንገትህን ቀና አድርገህ፣ እንደሚያንጎራጉር ሰው «እም» እያልክ ቀስ ብለህ ውጣ። እያንጎራጎረ ትንፋሹን የሚይዝ ሰው የለም። ባሕር ላይ ከአረፋህ አትቅደም ብዬህ ነበር። ጭቃ ውስጥ አረፋው ባይታይህም ጉንጭህ ላይ ሲሄድ ይሰማሃል፤ እሱ ይቅደምህ። ገመዱም መንገድ ያሳይህ እንጂ አይጎትትህ።

አየሩ አልቆም ብሎ ከተንደቀደቀብህ ደግሞ፣ ከንፈርህን አላላና ከሚፈሰው ላይ ተጎንጭ፣ ልዝጋው አትበል፣ ጊዜ ሳትፈጅ ውጣ። ቦምቦላው ባዶውን ይቀራል።

ይህን ሁሉ ካስጻፈኝ በኋላ «ገመድ ያዡ እስካልታረመ ድረስ ግን የጻፍሽው ሁሉ ከንቱ ነው» አለና ፊቱን አዞረ።

የእኔ ጥያቄ አጭር ነው። እስከ ጥምቀት ቦሼን እንዴት ታቆየዋለህ? ገመዱንስ የሚይዝ ሌላ ሰው የለም?

እልፍነሽ


ከኮልቾ በታች፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 1979 ዓ.ም.

እልፍነሽ፣

አርፌያለሁ። ለአባባ ንገሪያቸው። ደሙ ቆሟል፣ ድምፄም ተመልሷል።

ቦሼን ያቆየሁት ሬጉላተሩን ፈትቼ ግማሹን ኪሴ ውስጥ በመያዝ ነው። ያለ እኔ ኪስ ማንም አይወርድም። ሥራ አስኪያጁ «የመንግሥት ንብረት ይዘህ ትዞራለህ» አለኝ። «ንብረትስ እኔ ነኝ» ብለው ሳይፈልግ ሳቀ። እስከ ጥምቀት ፈቅዷል። ከዚያ ካለፈ ግን ሌላ ሬጉላተር ከየትም አምጥቶ ቦሼን እንደሚያወርድ በግልጽ ነግሮኛል።

ቦሼ ሊረዳኝ ይፈልጋል፣ ችግሩ እሱ ነው። ጎማዎቹ በሙቀቱ መሰነጣጠቅ ሲጀምሩ «እንደ ቁርበት ቅቤ ልቀባቸው» አለኝ። ቅቤ ጎማ ይበላል፣ አሸዋም ይይዛል ብዬ ከለከልኩት። «ጎማ የሚበላ ቅቤ የእናንተ አገር ቅቤ ነው፣ የበና ቅቤ ማንንም አይበላም» አለ።

በየቀኑ በደረቅ መሬት እንለማመዳለን። እኔ ከቁጥቋጦ ኋላ እተኛለሁ፣ እሱ ገመዱን ይዞ ዳር ይቆማል። ስነቀንቀው ዝም በል እለዋለሁ። እሺ ይላል። እነቀንቃለሁ። እሾህ ለእሾህ እየተጎተትኩ እወጣለሁ። ሸሚዜ አለቀ። ሰው ሥራ ፈትቶ ሊያየን ይመጣል፤ ከካሮዎቹ መንደር ከኮልቾ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ በርኩማቸውን ይዘው ወርደው ተቀመጡ። ትናንት ቦሼ ገመዱን ወረወረውና «እኔ እሺ እላለሁ፣ እጄ ነው እሺ የማይለው» አለኝ። እውነቱን ነው።

ዘበኛውን ሞከርኩት፣ ያው ነው። ሥራ አስኪያጁ ገመድ አይነካም። ከዛፍ ጋር አሥሬው ልውረድ ብዬም አሰብኩ። ግን ግንዱ ቅርንጫፍ አለው፤ ቢይዘኝ ዛፍ አያውቅልኝም። ሰው ያስፈልጋል። ሲያስፈልግ የሚያላላ፣ ሲያስፈልግ የሚስብ፣ በሌላው ጊዜ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው። እዚህ እንዲህ ያለ ሰው አላገኘሁም።

ንብረት


ጂንካ፣ ታኅሣሥ 16 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለንብረት፣

ሰው ያስፈልጋል ብለሃል። እኔ እመጣለሁ።

የእኔ እጅ ከቦሼ እጅ የሚሻል እንዳይመስልህ። ደብዳቤህ የደረሰ ዕለት አባዬ የልብስ ማስጫውን ገመድ ፈታ። አንዱን ጫፍ ለእኔ ሰጠኝ፣ ሌላውን ወገቡ ላይ አሥሮ ጓዳ ገባና አልጋው ላይ ተኛ። በሩን ገርበብ አደረገው። ከዚያ ገመዱ ተነቃነቀ። ጎተትኩ።

«ሞትኩ!» ብሎ ጮኸ። «ገደልሽኝ! እንደገና!»

አስካለ እየሮጠች መጣች። «ምነው፣ ጋሼ ዓባይነህን ምን አገኛቸው?»

«ምንም፣ እያስተማረኝ ነው።»

«ሽማግሌ አሥሮ መማር የት አገር ነው ያለው?» አለች። ግን አልሄደችም፤ ደጁ ላይ ተቀምጣ ማየት ጀመረች።

ብዙ ቀን ጎተትኩ። አባዬ ሞተ፣ ተነሣ፣ እንደገና ሞተ። አንድ ቀን ተበሳጭቶ ወጣና «ገመዱ ሲነቃነቅ ምንድን ነው የምታስቢው?» አለኝ። እንዳይሞት ነው የማስበው አልኩት። «እሱን ለእሱ ተዪለት» አለኝ። «የመውጣቱ ሥራ የእሱ ነው። አንቺ ገመዱን አስቢ። ሲላላ ሰብስቢ፣ ሲከር ልቀቂ። ከመዳፍሽ አይውጣ፣ ግን አትወጥሪው።» ከዚያ ወዲህ እጄ እያደር መታዘዝ ጀመረ። አሁንም ሁልጊዜ አይታዘዝም። ልዋሽህ አልፈልግም።

ውላችን ይህ ይሁን። ከነቀነቅከው አልነካህም፤ እየወጣህ ነው ማለት ነው። ረጋ ብለህ ሦስት ጊዜ ከሳብከው ግንዱ ይዞሃል ማለት ነው፤ ያኔ ብቻ ክንድ በክንድ እስባለሁ።

የአባዬን ሳጥን አገላብጠን ሁለት አዲስ ማጣሪያ አገኘን፣ ይዤልህ እመጣለሁ። አየሩን የሚከፍተው የሬጉላተሩ የሆድ ጎማ ግን የለም፤ ያለውን ከፀሐይ አርቀው።

አትምጪ ብለህ እንደምትጽፍ አውቃለሁ። በገና ማግሥት መኪና ላይ ስለምሆን አይደርሰኝም።

እልፍነሽ


ከኮልቾ በታች፣ ታኅሣሥ 27 ቀን 1979 ዓ.ም.

እልፍነሽ፣

አትምጪ።

ማደሪያ የለም፣ ወባ አለ፣ ሥራ አስኪያጁም ሴት ገመድ ስትይዝ ደስ አይለውም። ይህን የምደረድረው ምክንያት ስለሚያስፈልገኝ ነው። እውነቱ ሌላ ነው። ቦሼ ጎትቶኝ ብሞት ቦሼ ያዝናል፣ ኑሮውንም ይኖራል። አንቺ ይዘሽ ብሞት፣ ብትጎትቺም ባትጎትቺም፣ ዕድሜ ልክሽን ገመዱን አትለቂውም። ያን አልፈልግም።

ከአባባ ጋር እንኳን ለገና አደረሳችሁ። ተፈሪ ከበዓሉ በፊት እንዲያደርስልኝ አደራ ብዬዋለሁ።

ንብረት


ከኮልቾ በታች፣ ጥር 16 ቀን 1979 ዓ.ም.

አባዬ፣

ጤናህ እንዴት ነው? አስካለ ምሳህን በሰዓቱ ታመጣልሃለች? አትምጪ የሚለው የንብረት ወረቀት እኔ ከወጣሁ በኋላ አንተ እጅ እንደገባ ተፈሪ ነገረኝ። አንብበኸው ይሆናል። እኔም ምን እንደሚል ንብረትን ጠይቄው ነግሮኛል፤ ተጣልተን ታርቀናል።

በተፈሪ አፍ የጠየቅኸኝ አንድ ነገር ነው፤ ዕቃው ሠራ ወይ? አልሠራም።

ማጣሪያዎቹን ለወጥን፣ ጥምቀት አለፈ፣ ንብረት ወረደ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደህና ነበር። ትናንት የብረት ገመዱን ግንዱ ላይ አዙሮ አሥሮ ቋጠሮውን ሲያጠብቅ የሬጉላተሩ የሆድ ጎማ ለሁለት ተሰነጠቀ። አየር ሲስብ የመጣለት ኦሞ ነው። ምላስም ቁልፍም አልረዳውም። ይህን ያወቅሁት ኋላ ነው። ያኔ የማውቀው ገመዱ መነቃነቁን ብቻ ነበር።

ሁሉም ጮኸ። ሥራ አስኪያጁ «ጎትቺ!» አለ። ዘበኛው «ጎትቺ እንጂ፣ አንቺ ሴትዮ!» አለ። የካሮ ሴቶች እየሮጡ መጡ፤ አንዲት ረጅም ሴት ከኋላዬ ገመዱን ያዘች። ቦሼ መሐላችን ገባ። እጆቹን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ በደረቱ ነው የገፋት። «ባልዋ እየሞተ ቆማ ታየዋለች» እያለች እንደነበር ቦሼ ኋላ ነገረኝ። ሳይነግረኝም ገብቶኝ ነበር።

ያልከኝን አደረግሁ፤ ገመዱን ብቻ አሰብኩ። መጀመሪያ ከረረ፣ ለቀቅሁ። ከዚያ ቆመ። ቆሞ ቀረ። እዚያ ላይ ልጎትት ነበር፣ አልዋሽህም። ከዚያ ላላ፤ አንድ ክንድ ሰበሰብኩ። ደግሞ ላላ፤ ሰበሰብኩ። ሰው ደረጃ ሲወጣ እንደሚዘገየው ነበር የሚዘገየው። ከማየቴ በፊት ሰማሁት። ራሱ ብቅ ሲል አሁንም «እም» እያለ ነበር። ዘበኛው ጉማሬ መስሎት አነጣጠረ፣ ቦሼ አፈሙዙን መታበት።

ምራቁን ነጭ ጨርቅ ላይ አስተፋሁት። ነጭ ነው። እስኪመሽ ድረስ ደጋግሜ አስተፋሁት፤ በኋላ ምራቄ አለቀ አለኝ።

ትራክተሩ ከሰዓት በኋላ ግንዱን አወጣው። ያስቸገረንን ያህል ትልቅ አይመስልም፣ ዳር ላይ ተጋድሟል። ፓምፑ ዛሬ ጧት ተነሣ። ንብረት አዲስ ጎማ እስካልመጣ ድረስ ለምንም ነገር እንደማይወርድ ለሥራ አስኪያጁ ነገረው። ሥራ አስኪያጁ ወደ ቦሼ ዞሮ «አየህ፣ ያን ያህል ከባድ አይደለም፣ ሌላ ጊዜ አንተም ትሞክረዋለህ» አለው። ቦሼ «አንተ ውረድና ገመዱን እኔ እይዝልሃለሁ» አለው።

ያቺ ረጅም ሴት ዛሬ ጧት ውሃ ልትቀዳ ወርዳ ቅሏን አስቀመጠች። ምንም ሳትል መጥታ እጄን ያዘችና መዳፌን ገለበጠችው። ገመድ የላጠው ካለ ልታይ ነው። ገመዱ አልላጠኝም። መዳፌ ላይ ያለው እንዳልጎትት ስጨብጥ የገዛ ጥፍሬ የወጋው ቁስል ነው፣ በሁለቱም እጄ። ጣቷን እያሳረፈች አንድ በአንድ አየችው። ከዚያ ለቦሼ አንድ ነገር አለችው።

«ምን አለች?» አልኩት።

«ይቺም ጎትታለች ነው የምትለው» አለኝ።

ልጅህ እልፍነሽ